መምህራን በጋራ ስለሚሰሩት ፎርማቲቭ አሰስመንት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ የመንግስት ት/ቤት ውስጥ 6ኛ ክፍል ሂሳብ ነው የማስተምረው፣ እዚህ ያሉት ስታፍ ውስጥም ቴሌግራም ላይም መምህራን ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው።

ፎርማቲቭ አሰስመንት ማለት ያው ተከታታይ ምዘና ማለት አይደል እንዴ?

ሀሳቡ ከተወሰደ አዎ ቅርብ ናቸው፣ አሰራራችን ከታየ ግን አይገናኙም። እኛ ተከታታይ ምዘና እያልን የምንሰራው አብዛኛው ማርክ መልቀም ነው። ቴስት 10፣ የቤት ስራ 5፣ የቡድን ስራ 10 እያልን ማርክ ሊስት እንሞላለን፣ ሰሚስተሩ ሲያልቅ ደምረን ሮስተር (የክፍሉ ማርክ ማጠቃለያ) ላይ እናወርዳለን፣ አለቀ። ልጁ ከ10 4 ካመጣ 4 ተብሎ ይፃፍለትና እኛ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንሄዳለን። ይሄ አንዱን ትልቅ ፈተና ከትፎ በትንሽ በትንሹ ማቅረብ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ፎርማቲቭ የሚሆነው ከልጆቹ ያገኛችሁት መልስ ነገ የምታስተምሩትን ነገር ሲቀይረው ነው፣ ካልቀየረው አይደለም፣ በቃ መስፈርቱ ይቺው ናት። ስለዚህ ያው ቴስት አንዱ መምህር ጋር ፎርማቲቭ ሊሆን ሌላው ጋር ማርክ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቃሉን በ1967 እ.ኤ.አ. ያመጣው ማይክል ስክሪቨን የሚባል ሰው ነው፣ እሱ ያወራው ገና በስራ ላይ እያለ ስለሚሻሻል ሥርዓተ ትምህርት ነበር፣ ወደ ተማሪ ያወረደው ብሉም ነው (አዎ የኮሌጁ ብሉም፣ ያ የትምህርት ዓላማ ደረጃዎቹን ሁላችንም የሸመደድንለት)። ከዛ በ1998 እ.ኤ.አ. ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የነበሩት ፖል ብላክና ዲላን ዊሊያም የብዙ ሀገር ጥናት ሰብስበው አይተው እንዲህ አይነቱ ምዘና የልጆችን መማር በግልፅ እንደሚጨምር ሲፅፉ ነገሩ በየሀገሩ ተሰራጨ። እኛ ጋር ተከታታይ ምዘና ከ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ ጀምሮ አለ፣ ክፍል እስኪደርስ ግን ማርክ ሆኖ ቀረ።

ማርክ ከሌለው ልጆቹ ለምን ይሰሩታል?

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሰሞን አይሰሩትም። "ቲቸር ይያዛል?" ነው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው፣ አይያዝም ስትሏቸው ግማሹ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ግን እኛው ነን እንዲህ ያስለመድናቸው። ሁለት ሶስት ሳምንት ያ ወረቀት በማግስቱ ትምህርቱን ሲቀይረው ሲያዩ፣ "ትናንት ብዙዎቻችሁ እዚህ ጋር ተሳስታችኋል ዛሬ ከዛ እንጀምራለን" ስትሏቸው ይገባቸዋል።

ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት እስራኤል ውስጥ ለአንዳንድ ልጆች ማርክ ብቻ፣ ለሌሎቹ አስተያየት ብቻ፣ ለቀሩት ሁለቱንም ተሰጥቷቸው ነበር፣ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት አለመሻሻላቸው እኔን ገርሞኝ ነበር፣ በኋላ ግን ደብተር ስመልስ ልጆቼን አየኋቸው፣ ማርኩን ያዩና ከጎናቸው ያለውን ልጅ ማርክ ያዩና ደብተሩን ይዘጉታል፣ የፃፍኩትን ማን አንብቦት። አስተያየት ስል ደግሞ "ጎበዝ በርታ" ማለቴ አይደለም፣ እሱ ምንም አይነግረውም። "መጀመሪያ የክፍልፋዮቹን ታህት (የታች ቁጥር) አንድ አድርግ፣ ከዛ ደምር፣ 3ኛውን ጥያቄ እንደገና ስራው" አይነቱን ነው።

እኔ ክፍል 60 ምናምን ልጅ አለ፣ ይሄ ነገር ይቻላል?

ስታንዳርዱ አንደኛ ደረጃ 50፣ ሁለተኛ ደረጃ 40 ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ያላችሁ ግን ታውቁታላችሁ፣ ሰው በገባ ቁጥር ዓመቱ ተጋምሶ እንኳን ልጅ ይጨመራል። ስለዚህ የ60 ልጅ ደብተር በየቀኑ እናርማለን ብላችሁ አትጀምሩት፣ በሳምንት ትተዉታላችሁ። እኛ የምንጠቀመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከካርቶን የተቆረጠ ሀ ለ ሐ መ የተፃፈበት ካርድ ነው፣ እያንዳንዱ ልጅ አራት ይይዛል፣ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይፃፋል፣ አስበው ሲጨርሱ "አንሱ" ሲባል ሁሉም እኩል ያነሳል፣ በአንድ እይታ ክፍሉ የት እንዳለ ታያላችሁ። እኩል ማንሳታቸው ላይ ድርቅ በሉ፣ አለበለዚያ ጎበዟን ልጅ አይተው ነው የሚያነሱት።

ሁለተኛው የመውጫ ወረቀት ነው፣ አንድ ሉክ ለአራት ተቀዶ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው። አይታረምም፣ ይደረደራል እንጂ። ገብቶታል፣ ግማሽ ገብቶታል፣ ጭራሽ ብላችሁ ሶስት ቦታ ትከምሩታላችሁ፣ እጃችሁ ሲለምድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

"ገባችሁ?" ስላቸው ሁሉም "አዎ ቲቸር!" ይላሉ፣ ታዲያ ምን ልጠይቅ?

"ገባችሁ?" ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው፣ "ደህና ናችሁ" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" እንደሚባለው። መልሱ ምን ያህል እንደገባቸው የሚያሳይ ጥያቄ ጠይቁ። ከዛ ደግሞ ጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ድሮ ክፍል ውስጥ ቀርፃ ስታዳምጥ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ 3 ሰከንድና ከዛ በላይ ሲጠብቁ መልሱ ረዘመ፣ የማይመልሱት ልጆችም መመለስ ጀመሩ። 3 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል፣ ሞክሩትና ታዩታላችሁ፣ ክፍሉ ፀጥ ሲል እኛው ነን የምንጨነቀው። እጅ ያወጣውን ብቻ መጠየቅም ይቅር፣ ፊት ወንበር ላይ ያሉት አምስት ልጆች ናቸው ዓመቱን ሙሉ የሚመልሱት። እኔ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ፅፌ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ አድርጌ እንደ እጣ ነው የማወጣው፣ ይወዱታል፣ ይፈሩታልም።

ይሄን ብቻዬን ብሰራው አይሻልም? ለምን ከሌላ መምህር ጋር?

ብቻዬን ሞክሬዋለሁ፣ አንድ ሰሚስተር አልሞላም። አንደኛ ይደክማል፣ የሚጠይቃችሁ ሰው ከሌለ ትተዉታላችሁ። ሁለተኛውና ዋናው ግን የራስን ክፍል ስህተት ራስ ማየት ይከብዳል፣ ልጆቹ የተሳሳቱት እናንተ ባስተማራችሁት መንገድ ከሆነ ለእናንተ ትክክል ነው የሚመስለው። ሌላ ሰው ያስፈልጋል፣ ያውም ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር፣ የማያፍራችሁ ሰው።

ስንገናኝ ምንድነው የምናደርገው?

እኛ ሶስት ነን፣ እኔ፣ ሌላ ሴክሽን 6ኛ ክፍል ሂሳብ የምታስተምር ልጅና የ5ኛ ክፍሉ መምህር። በ15 ቀን አንዴ እንገናኛለን፣ 40 ደቂቃ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ባለፈው ልሞክር ያለውን ሞክሮ እንደሆነ ይናገራል፣ ካልሞከረም አልሞከርኩም ይላል፣ ይቅርታ የለም ሰበብ የለም። ከዛ የልጆቹን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። ይሄ ነው ዋናው። ወረቀት ሳይዝ የመጣ ሰው ካለ ወሬው ወዲያው ወደ ልጆቹ ስነ ምግባርና ወደ ደሞዝ ነው የሚሄደው፣ እኛም ሄደንበታል። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ለሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ይመርጣል፣ ሁለት አይፈቀድም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ክፍልፋይ እያስተማርን ነበር። እኔ የመውጫ ወረቀት ላይ "1/3 እና 1/4 የቱ ይበልጣል?" ብዬ ጠይቄ አብዛኛው 1/3 ብሎ መልሶልኝ ደስ ብሎኝ ነው ስብሰባው ላይ የመጣሁት። የሌላው ሴክሽን መምህርት ግን "3/4 እና 2/3 የቱ ይበልጣል? ለምን?" ብላ ነበር የጠየቀችው፣ የሷ ልጆች ተቀላቅለዋል። በማግስቱ የሷን ጥያቄ እኔ ክፍል ሰጠሁት፣ ከግማሽ በላይ ልጆቼ 2/3 አሉ። ምክንያቱን ሲፅፉ ደግሞ አንድ አይነት ነው፣ "ታህቱ ትንሽ ስለሆነ"። ይሄ አባባል ከየት መጣ? ከኔ። "ታህቱ ሲበዛ ክፍልፋዩ ያንሳል" ብዬ እኔው ነኝ ሰሌዳ ላይ አስምሬ የፃፍኩት፣ የ5ኛው መምህርም እንዲሁ ብሎ ነው የላካቸው። ላዕሉ (የላዩ ቁጥር) 1 ሲሆን ወይም እኩል ሲሆን ይሰራል፣ ከዛ ውጪ ገደል ነው የሚከታቸው። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ታዲያ ያቺን አቋራጭ መሸምደዳቸውን ብቻ ነው የነገረኝ፣ እኔ ደግሞ ገብቷቸዋል ብዬ ነበር።

ሶስታችን ተነጋግረን ሲባጎ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠርን፣ አንዱ ጫፍ 0 ሌላው 1፣ ልጆቹ ክፍልፋይ የተፃፈበትን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ቦታው ላይ እንዲሰቅሉ አደረግን። ተጨቃጨቁ፣ ተገፋፉ፣ አንዷ ልጅ ነች ያዳነችን፣ "ቲቸር 3/4 አንድ ለመሆን የጎደለው 1/4 ነው፣ 2/3 ግን 1/3 ነው የጎደለው፣ ብዙ የጎደለው ያንሳል" አለች። እኔ እንደዛ አድርጌ አስረድቻቸው አላውቅም። በሚቀጥለው ወረቀት ብዙዎቹ ተስተካከሉ፣ ሁሉም አይደሉም፣ የተወሰኑት እስካሁን ታህት ነው የሚያዩት። የ5ኛው መምህር ግን ያቺን አባባል ከሌሰን ፕላኑ ላይ ሰረዛት።

ጊዜው ከየት ይመጣል? በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ ከዛ ታክሲ ወረፋ አለ

ከትምህርት በኋላ አትሞክሩት። ግማሹ መምህር ከሳሪስ ከመገናኛ ነው የሚመጣው፣ ደወል እንደተደወለ አይኑ መንገድ ላይ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ በኛ ሰፈር ጭቃ ጨርሶ አይታሰብም። እኛ የሚሰራልን ምሳ ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ለምገባ ሲሰለፉ፣ ተረኛ ያልሆንን ቀን። ሌላው መንገድ ፕሮግራም የሚያወጣውን ምክትል በነሐሴ ማግኘት ነው፣ የሶስታችሁን ክፍት ክፍለ ጊዜ አንድ ላይ እንዲያደርግላችሁ፣ መስከረም ከገባ በኋላ ግን ፕሮግራም ማስቀየር ራሱ ሌላ ስራ ነው።

ቴሌግራም ላይ ብንሰራውስ?

ፎቶ ለመላላክ ጥሩ ነው፣ የልጁን ስም ሸፍናችሁ። ውይይቱ ግን በአካል ይሁን፣ ግሩፕ ላይ ሁሉም አውራ ጣት ልኮ ይተኛል።

ሌላ መምህር ክፍሌ ገብቶ ሲያየኝ ኢንስፔክሽን ይመስለኛል፣ ግድ ነው?

ግድ አይደለም፣ በተለይ መጀመሪያ። ወረቀት ማየት ብቻውን ብዙ ያስኬዳል። ስትደርሱበት ግን ሶስት ነገር ተስማሙ፣ ቼክሊስት የሚባል ነገር አይገባም፣ የገባው ሰው የሚያየው ልጆቹን ነው እንጂ መምህሩን አይደለም፣ ምን እንደሚያይ የሚነግረው ባለክፍሉ ነው። ለምሳሌ እኔ "ኋላ መስኮት ጋር ያሉት ልጆች ካርድ ከማንሳታቸው በፊት ማንን እንደሚያዩ እይልኝ" ብዬ ነው ያስገባሁት። 15 ደቂቃ ይበቃል። ያየውን ነገር ደግሞ ለዳይሬክተር አይናገርም፣ ይሄ አንዴ ከተጣሰ ነገሩ አበቃለት፣ ሲሆን ስላየሁ ነው፣ ሌላ ት/ቤት እያለሁ አንድ ሰው ስለ ጓደኛው ክፍል ያየውን ስታፍ ሚቲንግ ላይ "ለመማማሪያ" ብሎ አወራው፣ ከዛ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ማንም ማንንም አላስገባም።

ለሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ይያዝልናል?

በደንብ እንጂ። ሲፒዲ በዓመት 60 ሰዓት ነው የሚጠየቀው፣ ዑደቱም ችግር መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም ነው፣ ይሄ የምንሰራው ነገር ቃል በቃል እሱ ነው። ፖርትፎሊዮው (የሲፒዲ ማህደራችሁ) ውስጥ የልጆቹን ወረቀት ከነስህተቱ፣ ከጎኑ ምን እንደቀየራችሁና ቀጥሎ የመጣውን ወረቀት አስገቡ። ችግሩ ፖርትፎሊዮ ብዙ ቦታ ሰኔ ላይ በአንድ ሌሊት የሚፈበረክ ነገር መሆኑ ነው፣ ካልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተፅፎ አይቻለሁ፣ ተፈርሞም። እናንተ ጋር እውነተኛ ወረቀት ስላለ ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ ማስረዳት አይከብዳችሁም፣ የጉድኝት ማዕከሉም (የአቅራቢያ ት/ቤቶች የሚሰባሰቡበት) ለሌሎች አቅርቡ ሊላችሁ ይችላል፣ ተዘጋጁ።

ወደ ኋላ እየተመለስኩ ካስተማርኩ ፖርሽን (የዓመቱ ትምህርት) አይሸፈንም፣ ያኔ የምጠየቀው እኔ ነኝ

ትክክል ነው፣ ይሄን ጥያቄ የሚያቃልል ሰው አስተምሮ አያውቅም። 6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፣ ያልተሸፈነ ምዕራፍ ከመጣ ወላጅም ዳይሬክተርም አይምሩም። እኔ የምለው ሁሉም ርዕስ እኩል አይደለም ነው። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ አስርዮሽም መቶኛም ወደር ጋርም ይወድቃል፣ እዛ ላይ ሳምንት ብታጠፉ በኋላ ትከፈሉበታላችሁ። ብቻቸውን የቆሙ፣ ለሌላ ርዕስ መሰረት ያልሆኑ ነገሮች ላይ ፍጠኑ። ይሄን ምርጫ በነሐሴ ወይ በመስከረም መጀመሪያ በጋራ ተቀምጣችሁ ብትጨርሱት ደግሞ አንዱ ሴክሽን ቀርቶ ሌላው ቀድሞ አይገኝም፣ ዳይሬክተሩም የሚያየው መጀመሪያ እሱን ነው። በኛ ግን ሁሌም ይመጣጠናል ማለቴ አይደለም፣ አንደኛውን ሰሚስተር ወደ አስር ቀን ዘግይተን ጨረስን፣ የመጨረሻዋን ምዕራፍም በሩጫ ነው ያለፍናት።

ወላጆች "ልጄ ስንት አመጣ" ነው የሚሉት፣ ምን ልበላቸው?

ማርኩን ንገሯቸው፣ ወላጅ መጠየቁ ልክ ነው። ከዛ ግን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አሳዩአቸው፣ የመስከረሙንና የታህሳሱን። እኔ አንድ አባት ዘንድ ሞክሬው ነበር፣ ቀን ሰራተኛ ናቸው፣ ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፣ ግን "እዚህ ጋር ዝም ብሎ ነው የፃፈው፣ እዚህ ጋር ምክንያት አለው" ብለው ራሳቸው ነገሩኝ።

እልህ የሚያስገባኝ 80 እና 90 እያሳየን የምናስደስታቸው ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ሁሉም በየሮስተሩ ቆንጆ ማርክ ይዞ፣ የ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ተማሪ ብቻ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም፣ ኩረጃውም የመፅሀፍ እጥረቱም ብዙ ነገር አለበት፣ ግን እኛ በየክፍሉ የሰጠነው ማርክ ልጆቹ የት እንዳሉ አልተናገረም ነበር።

አንዳንዶቹ ልጆች ትምህርቱ ሳይሆን አማርኛው ነው ያልገባቸው፣ እንዴት ልለይ?

እዚህ ዳር ሰፈር ያለን ሰዎች ዋና ጥያቄ ነው። ቤት ውስጥ አፋን ኦሮሞ ተናግሮ የሚመጣ ልጅ አለ፣ ከደቡብ በቅርብ የመጣ ልጅ አለ፣ በአማርኛ የተፃፈ የቃላት ፕሮብሌም ስትሰጡት ባዶ ወረቀት ይመልሳል፣ እናንተም "ጭራሽ" የሚለው ላይ ትከምሩታላችሁ። እኛ ያንኑ ጥያቄ ያለ ቃል እንሰጣለን፣ በስዕል ወይ በቁጥር ብቻ። ያኛውን ከሰራ ችግሩ ቋንቋው ነው። ከዛ ቋንቋውን ከሚያውቅ ልጅ ጋር አስቀምጣችሁ በራሳቸው ቋንቋ እንዲያወሩበት ፍቀዱ፣ ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ። ከመምህራኑ መሀል ቋንቋውን የሚችል ካለ ወረቀቱን አብሮ እንዲያይ ጥሩት፣ የኛ የ5ኛው መምህር ኦሮምኛ ስለሚችል ልጆቹን ጠርቶ ሲያናግራቸው እኔ ሰነፍ ያልኩት ልጅ ከኔ ፈጥኖ ሲያሰላ አይቻለሁ።

ሲኒየር መምህር "ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው" ካሉስ?

አትከራከሯቸው፣ ስብሰባ ላይ ደግሞ በፍፁም። እኛ ጋር አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ከኔ እድሜ በላይ ያስተማሩ፣ ሲፒዲ ሲባል ጋዜጣቸውን የሚዘረጉ። እኔ ሄጄ "ጋሼ ይሄን ወረቀት አይተው ልጁ ምን አስቦ እንደሆነ ይንገሩኝ" አልኳቸው፣ እውነትም አልገባኝም ነበር። ገና እንዳዩት አወቁት፣ "ይሄ እኮ ሲቀንስ ከትልቁ ትንሹን ነው የሚቀንሰው፣ ከላይ ይሁን ከታች አይለይም" አሉ። 30 ዓመት ስህተት ሲያዩ ኖረዋል፣ የጠየቃቸው የለም እንጂ። ቡድኑ ውስጥ አልገቡም እስካሁን፣ ግን ወረቀት ይዤ ስሄድ ጋዜጣውን ያጥፋሉ።

6ኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ የማይችል ልጅ ሲገኝስ? ይሄ በመውጫ ወረቀት የሚፈታ ነው?

አይደለም። ወረቀቱ ያሳያችኋል እንጂ አይፈታውም፣ እንደውም አንዴ ካያችሁት በኋላ እንዳላየ ማለፍ ስለማይቻል ይከብዳል። ባለፈው ዓመት ሶስታችን ወረቀት ስናይ የአንዳንድ ልጆች መልስ ጥያቄውን ራሱን መገልበጥ እንደሆነ አስተዋልን፣ ቃል በቃል፣ በሚያምር እጅ ፅሁፍ። ስንጠራቸው ፊደሉን ይገለብጣሉ እንጂ አያነቡም። እስከዛ ድረስ በቡድን ስራ ማርክ እያገኙ ነው ያለፉት።

ያደረግነው ትንሽ ነው። የ1ኛ ክፍል መምህርቷን ለመንናት፣ ከምሳ በኋላ ለ20 ደቂቃ በሳምንት ሶስት ቀን ፊደል ታስይዛቸዋለች፣ ትልልቅ ልጆች ከትንንሾቹ ጋር መቀመጥ ስላፈሩ "የመምህር ረዳት" ብላ ወረቀት እንዲያድሉ አደረገቻቸው። ሁለቱ አሁን ቀስ እያሉ ያነባሉ፣ አንዱ መምጣት አቆመ፣ ቤተሰቡ ሰፈር ቀይሯል ተባለ። የደረሰበት ት/ቤት ላሉ መምህራን የምንልክለት ነገር ቢኖር ክሊራንሱ (የመልቀቂያ ወረቀቱ) ላይ ያለው ማርክ ብቻ ነበር፣ እሱም 61 ይላል።